ሽማግሌ የተላከለት ጉበት

መጀመሪያ የጠላሁት ማኪያቶ ነው። ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከተማሪነቴ ጀምሮ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አንዲት ካፌ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ፣ ቆሜ ማኪያቶዬን ጠጥቼ ነው ቀኑን የምጀምረው። አንድ ቀን ስኒውን ወደ አፌ ሳስጠጋው የወተቱ ሽታ ሆዴን ገለበጠው። መልሼ አስቀመጥኩት። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። አስተናጋጁ ሽፈራው፣ ፀጉሩ ሳይሸብት ጀምሮ የማውቀው ሰውዬ፣ ያልተነካውን ስኒ እያነሳ «ምነው ዶክተር፣ ከኛ ማኪያቶ ጋር ተጣላሽ እንዴ? ወይስ ሌላ ካፌ ለመድሽ?» ብሎ ቀለደብኝ። ጨጓራዬ ነው አልኩት። አዲስ አበባ ውስጥ የማንም ሰው ሕመም መጀመሪያ ጨጓራ ነው።

ይህን የምጽፈው ጉበታችሁ ታሟል ለተባላችሁ ሰዎችና አጠገባቸው ለምትቀመጡ ነው። እኔ የጉበት ተመራማሪ ነኝ። ብዙ ዓመት ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት የምርምር ክፍል ውስጥ ጉበትን የሚያጠቁ ቫይረሶችን ሳጠና ኖሬአለሁ። ወደ ኋላ ላይ ደግሞ ሥራዬ ወደ ንቅለ ተከላ ዞረ። ለማያውቅ ልንገር፤ ጉበት ጨርሶ ሲደክም ከጤነኛ ሰው ጉበት ከፊሉ ተቆርጦ ለታማሚው ይተከላል። ለጋሹ ላይ የቀረውም፣ ታማሚው ላይ የተተከለውም በወራት ውስጥ መልሶ ያድጋል። የእኛ ሰዎች ለዚህ ቀዶ ጥገና ውጭ አገር ነው የሚሄዱት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕንድ፤ ለጋሹን ከዘመድ መሀል ይዘው። እኔና ባልደረቦቼ ለጋሾቹን ከመሄዳቸው በፊት እናነጋግር፣ እንመረምር፣ እናዘጋጅ ነበር።

ከማኪያቶው ቀጥሎ ጫማዬ ጠበበኝ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቦይ ቆፍሮ ይቆየኛል። ቀሚሴ ወገቤ ላይ እምቢ አለ። ጎዳና ላይ ሻርፕ የምትሸጥ ደንበኛዬ ከሩቅ አይታኝ «እሰይ! ተመችቶሻል፣ ቦርጭ አወጣሽ!» ብላ አጨበጨበችልኝ። ደስ ብሎኝ አንድ ሻርፕ ገዛሁ። ቦርጭ አልነበረም፤ ውሃ ነበር። ሆድ ውስጥ የሚቋጠር ውሃ፣ በሕክምና ቋንቋ አሳይተስ የሚባለው። ክፍል ገብቼ ለተማሪ የማስተምረውን ነገር በገዛ ሆዴ ላይ ሳየው ምቾት መሰለኝ። ይብላኝ ለእውቀቴ!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ፊቴን ስታጠብ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በጣቴ ሳብ አደረግሁ። ቢጫ ነበር። ሰፈራችን የወፍ በሽታ የሚለው ነው። ፎጣውን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። «ነይ እስቲ ዓይኔን እይልኝ» የምለው ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። የነገርኩት ለመስተዋቱ ነው።

የሄድኩት ዶክተር ሰላማዊት ጋ ነው። የጉበት ሐኪም ናት፤ ተማሪዬ ነበረች። አልትራሳውንዱን ራሷ አነሳችኝ። መጀመሪያ ላይ ታወራኝ ነበር፣ ስለ ልጇ፣ ስለ መንገዱ መዘጋጋት። ከዚያ ዝም አለች። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። ያየችው ነገር ፊቷ ላይ እንዳይታወቅባት ያለማመድኳት እኔው ነኝ። ጄሉን ከሆዴ ላይ ጠረገችልኝና ዓይኗን ሳታነሳ «ዶክተር፣ ለውጤቱ ቤተሰብ ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው» አለችኝ።

ይህ የአገራችን ደንብ ነው። ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም። መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገርና ቤተሰብ ይመክርበታል፣ ያለዝበዋል፣ ወይ ጭራሽ ይደብቀዋል። «ሰሊ፣ ቤተሰቡ እኔው ነኝ፤ ንገሪኝ» አልኳት። አላገባሁም። ልጅ የለኝም። እናታችን ካረፈች ወዲህ የቀረኝ አንድ ታናሽ ወንድም ነው፣ ኤልያስ። እሱንም የማገኘው በዓል ሲሆን በስልክ፣ ወይም ልጅ አተኩሶት ምን ልስጠው ብሎ ሲደውል ነው። ተጣልተን አይደለም። እንዲያው ተራርቀን ነው።

ነገረችኝ። ሲሮሲስ። ጉበቴ በአብዛኛው ጠባሳ ሆኗል። ቀጥሎ ደም ሰጠሁ፤ የቫይረሶቹ ምርመራ ሁሉ ነጻ ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳሳድዳቸው የኖርኩት ቫይረሶች እኔ ዘንድ የሉም። የሕመሜ ስም አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ነው፤ የሰውነት መከላከያ ባለቤቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ጉበቱን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም። ድምፅ ሳያሰማ ለዓመታት ይሠራል። «ፕሬድኒሶሎን እንጀምራለን፣ ቆይተን አዛታዮፕሪን እንጨምራለን» አለችኝ፤ ሁለቱም ያንን መከላከያ የሚያበርዱ መድኃኒቶች ናቸው። «ጉበቱ ምላሽ ከሰጠ ሰጠ። ካልሰጠ የሚያድንዎ ንቅለ ተከላ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ለጋሽ እንፈልግ። ማን አለዎት?» ይህን ጥያቄ ለስንቱ ጠይቄዋለሁ! ተጠያቂ ሲሆኑ እንዲህ እንደሚከብድ ግን አላውቅም ነበር። ከኤልያስ ሌላ የምጠራው ስም አልነበረኝም።

የምኖረው አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ የኔ ሕንፃ ቀረ፤ ከመስኮቴ ሥር የነበሩት ቤቶች ግን ተነሱ። ጎረቤቶቼ ከተማው ዳር ወደተሰጣቸው ቤት ሄዱ። አሁን በመስኮት የማየው ሰፊ መንገድ፣ አዲስ የተተከለ ሣርና ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት ነው። ያምራል፣ አልዋሽም። ድሮ ግን ሳስነጥስ ከታች «ይማርሽ!» የሚለኝ ሰው ነበር። አሁን አስነጥሼ ዝም ነው።

ፕሬድኒሶሎን እንቅልፍ ይነሳል፣ ፊት ያሳብጣል። ጨው ተከለከልኩ። ጨው የሌለው ምስር ሠርቼ ብቻዬን እበላለሁ፣ እሱም አይወርድልኝም። ማንም ስለማይሰማኝ ሳህኑን እሰድበው ነበር። ለኤልያስ ብዙ ጊዜ ደወልኩ። ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠየቅሁት። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ድስትና ሰሃን የሚሸጥበት ሱቅ አለው፤ ስለ ሱቁ ጠየቅሁት። ትንሽ አሞኛል አልኩት። «እግዜር ይማርሽ እታለም» አለኝ። እሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጠራኝ እታለም ብሎ ነው። አመስግኜው ዘጋሁ። ጉበትህን ስጠኝ ተብሎ በስልክ እንዴት ይባላል? ስኳር አበድረኝ አይደል!

ከሁሉ የከፋው ቀን ይህ ነው።

ከሥራ ስመለስ ምኒልክ አደባባይ ወረድኩ። ቀትር ነበር። ቤቴ ጠፋኝ። ጊዮርጊስን አየሁ። ፈረሱን አየሁ። ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ አላውቅም። እዚሁ ነው የተወለድኩት። ስሜን ልጥራ ብዬ ሞከርኩ። ስሜ መጣ። መንገዱ አልመጣም። ሁለት እጆቼን ወደፊት ዘረጋሁ፣ መኪና እንደሚያስቆም ትራፊክ። መዳፎቼ ወደቁ። ተነሱ። እንደገና ወደቁ። አስቴሪክሲስ ይባላል። የደከመ ጉበት ያላጣራው መርዝ አንጎል ሲደርስ እጅ እንዲህ ይርገበገባል። ምልክቱን አወቅሁት። ማንን እንደምጠራ ግን አላወቅሁም። ፈራሁ። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ነጠላ ያጣፋች አንዲት ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል መጥታ «ምን ሆነሽ ነው እናቴ? ለማን ልደውልልሽ?» አለችኝ። ስልኬን ሰጠኋት። ከላይ የነበረው ስም የሰሊ ነው። ከሱ በታችም ሰሊ። ከዚያም በታች ሰሊ። ሴትዮዋ ደወለች። ታክሲ ይዛ ሆስፒታል በር ድረስ አደረሰችኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ ልጠይቃት የሚችል ጭንቅላት በዚያን ሰዓት አልነበረኝም።

ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አስታማሚዎ የታሉ?» ብላ ነው። እኛ ዘንድ አስታማሚ ማለት የሕክምናው ግማሽ ነው። መድኃኒት የሚገዛው፣ ናሙና የሚያደርሰው፣ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው እሱ ነው። እኔ አልነበረኝም። አጠገቤ የተኙትን እናት የምታስታምም ልጃቸው እሳቸውን ስታጎርስ እኔንም ታጎርሰኝ ነበር። የሰው ልጅ ጉርሻ በልቼ ነው ከዚያ አልጋ የተነሳሁት። ላክቱሎስ የሚባል ጣፋጭ ሽሮፕ ይሰጡኛል፤ ሆድ ሲፈታ መርዙ ይወጣል፣ ጭንቅላቴም እየተመለሰ መጣ። ሰሊ ለኤልያስ ደውላ ነበርና ብርቱካን ይዞ መጣ። አልጋዬ ግርጌ ቆሞ ሆዴን እያየ «ይህን ያህል ነው እንዴ እታለም?» አለ። ያን ጊዜም አልጠየቅሁትም።

ወደ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ጋሽ ታደሰ ሊጠይቁኝ መጡ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ቤታቸው ከመስኮቴ ሥር ነበር፤ አሁን ከከተማው ዳር ታክሲ እየቀያየሩ ነው የሚመጡት። ሰው ተበትኖም እድሩ አልፈረሰም። ወንበር ስበው ተቀመጡና «መድኃኒቱ ምንድነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ከሰው ተቆርጦ? ሰውየውስ?»

«ይተርፋል ጋሼ። መልሶ ያድጋል። ቀዶ ጥገናው ግን ለሰጪውም ቀላል አይደለም።»

«የአምላክ ሥራ! እና ኤልያስ ተጠየቀ?»

«እንዴት ብዬ?»

«እውነትሽን ነው። አንቺማ እንዴት አፍ አውጥተሽ ትጠይቂዋለሽ?» አሉና ስለ ሌላ ነገር አወሩ። ነገሩ እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር።

አልቀረም። በሳምንቱ እሑድ ጋሽ ታደሰ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ኤልያስ ቤት ሄዱ። ሚስቱ ሰናይት ናት በኋላ የነገረችኝ። ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እንደሚያደርገው ተደርድረው ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ቡና ይፍላ ስትላቸው «ሳይፈጸምልን አንቀምስም» አሉ። ሰናይት መጀመሪያ የሰው ልጅ ያስነወረ ዘመድ ያለ መስሏት ደንግጣ ነበር። ከዚያ ጉበት ጠየቁ። ለሚስት እንጂ ለጉበት ሽማግሌ ሲላክ በኔ ሳይጀመር አይቀርም። ኤልያስ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ መረቁ። ጋሽ ታደሰ ከዚያው ደወሉልኝ። «እሺ ብሏል! ደስ ይበልሽ ልጄ!»

ደስ አላለኝም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በሥራዬ ላይ እያለሁ አንድ ወጣት ለአጎቱ ጉበት ሊሰጥ መጣ። ዘመድ በተሰበሰበበት እሺ ብሏል። ብቻውን አስቀምጬ «አንተስ ምን ትላለህ?» ስለው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ። እኛ አገር ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ደጅህ ቆሞ እምቢ አይባልም። ከዚያ በኋላ ከባልደረቦቼ ጋር አንድ አሠራር አበጀን፤ በመሃላችን የኋላ በር እንለዋለን። ለጋሽ ለብቻው ይጠየቃል። ካልፈለገ ሐኪሙ ለታማሚውም ለቤተሰቡም አንዲት ነገር ብቻ ይናገራል፤ «ለጋሹ አልሆነም፣ ዝርዝሩ የለጋሹ ምስጢር ነው።» የደሙ ዓይነት ያልገጠመውም፣ የጉበቱ መጠን ያነሰውም፣ የደም ሥሩ አቀማመጥ ያልተመቸውም፣ የፈራውም እኩል «አልሆነም» ይባላሉ። ማንም ማንን አይለይም። ወጣቱም አልሆነም ተባለ፣ ከአጎቱም ጋር አልተቆራረጠም። ጥሩ አሠራር ነው። ዛሬም እምልበታለሁ።

ወንድሜ እሺ ያለው ሽማግሌ ቆሞበት ነው። ስለዚህ እሺታው ገና እሺ አልነበረም። ለሰሊ ደወልኩ። «ብቻውን አነጋግሪው። ለሌላው ሰው የምትነግሪውን ሁሉ ንገሪው» አልኳት። «ዶክተር፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤ ኤልያስ ያቺን በር አይቶ እንዲያልፋት እየለመነ ነበር። መሞት አልፈለግሁም።

ኤልያስ ለምርመራው ተመላለሰ። ሲጨርስ ሰሊ ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ዘጋች። «ዶክተር» አለች፣ «ለጋሹ አልሆነም። ዝርዝሩ የለጋሹ ምስጢር ነው።»

ቃል በቃል። እኔ እንዳስተማርኳት።

መጠየቅ የሚፈቀድልኝን አንድ ነገር ጠየቅሁ። «በሽታ ተገኘበት?»

«የለም። ወንድምዎ ጤነኛ ነው።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። እሷም ዓይኔን አላየችኝም። አመስግኜ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው በጎኔ ያልፋል። ሌላ ለጋሽ የለኝም። የኤልያስ ልጆች ሕፃናት ናቸው። ከእንግዲህ ያለኝ መድኃኒቱ ብቻ ነው።

ሌላ ታማሚ ቢሆን «አልሆነም» ሲባል እግዚአብሔር አልፈቀደም ብሎ ይጽናናል። በሩ እንዳለ አያውቅማ! እኔ ግን በሩን ካበጁት አንዷ ነኝ። የጉበቱ መጠን ይሆን? ደም ሥሩ ይሆን? ወይስ ያ ትንሽ ወንድሜ፣ በልጅነቱ መርፌ ሲያይ ከኔ ቀሚስ ሥር የሚደበቀው፣ ዛሬም ፈርቶ ይሆን? አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ሳገላብጥ እውላለሁ። ተናደድኩበት። አዎ፣ ተናደድኩበት። እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግሁት እያልኩ ለራሴ ከሰስኩት። ከዚያ ደግሞ ሦስት ልጆች አሉት፣ ሱቁን ማን ይከፍትለታል፣ ቢላው የሱን ሆድ ነው የሚቀደው እያልኩ ለሱ እከራከርለታለሁ። ከሳሽም ጠበቃም እኔው። እንዲህ ያለ ብቸኝነት አላውቅም። የምታውቀውን ነገር ለማንም መንገር የማትችልበት ብቸኝነት ነው፤ ጋሽ ታደሰ ቢሰሙ አሠራሩ ፈረሰ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የሌላ ሰው ወንድም መውጫ አያገኝም።

ለማወቅ አንድ ስልክ ይበቃኝ ነበር። ራጅ ክፍል ያሉት ሁሉ ያውቁኛል። «ወንድሜ ሲቲ ስካን ተነስቷል ወይ?» ብል ሳያስቡት ይነግሩኛል። ደማችን አንድ ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ የጉበት መጠንና የደም ሥር የሚለየው ደግሞ በሲቲ ነው፤ ካልተነሳ ነገሩ ታወቀ ማለት ነው። አንድ ቀን ስልኩን አንስቼ ደወልኩ። «ሃሎ፣ ዶክተር! እንዴት ነሽ? ምን እንታዘዝ?» አለኝ አንዱ። «ሰላም ልላችሁ ነው» አልኩና ዘጋሁት።

ኤልያስ ክረምቱን ሙሉ አልመጣም። አልደወለም። የምትመጣው ሰናይት ናት፤ ዝናቡን ጥሳ፣ ጨው የሌለው ሽሮ በሳህን ይዛ። «ኤልያስ ሱቁ በዝቶበት ነው» ትለኛለች። «በክረምት ማን ድስት ይገዛል?» ብዬ ላሾፍባት እፈልግና እተወዋለሁ። ሁለታችንም ዓይናችንን ሳህኑ ላይ ተክለን እንበላለን። ለሷም ከባድ ነበር፣ እግዜር ይስጣት።

ለውጡ መቼ እንደጀመረ በትክክል አላውቅም፤ በዓይኔ ከማየቴ በፊት የሰማሁት ሆዴን ነው፣ አንድ ጠዋት ራበኝ፣ ረሃብ የሚባለውን ነገር ከረሳሁት ወራት አልፈው ነበርና ምን እንደሆነ እስካውቀው ድረስ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አዳመጥኩት። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴ አጥንት እንዳለው ተመለሰልኝ፤ ከዚያ ዓይኔ ነጣ፤ ከዚያ ደግሞ ሰሊ በየቀጠሮው የምታነብልኝ ውጤት፣ ወደ ላይ ሲወጣ የከረመው፣ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን እየወረደ፣ ሲወርድ የከረመው፣ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን አልቡሚን እየወጣ፣ ደሜም በሰዓቱ መርጋት እየጀመረ መጣ። ውሃው ከሆዴ እየጎደለ ሲሄድ ቀሚሶቼ ሰፍተውኝ ተንጠለጠሉብኝ። ያቺ ሻርፕ ሻጭ አይታኝ «ምን ነካሽ፣ ከሳሽ እኮ!» ብላ አዘነችልኝ፤ እኔም እየሳቅሁ እሰይ በይ አልኳት። ፕሬድኒሶሎኑ ቀስ በቀስ ተቀነሰ፣ እንቅልፌ ተመለሰ፣ ወደ ምርምር ክፍሌም ለግማሽ ቀን መሄድ ጀመርኩ።

በመጨረሻ ሰሊ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «አሁን ንቅለ ተከላ አያስፈልግዎትም» አለችኝ። «ለዘለዓለም ማለቴ አይደለም። ጠባሳው አለ፤ ክትትል ዕድሜ ልክ ነው። አሁን ግን አያስፈልግዎትም።» እቅፍ አደረግኋት። ስለ ኤልያስ አንድም ቃል ሳንናገር ተለያየን።

ክረምቱ ወጥቶ መስኮቴ ሥር ያለው ሣር ፀሐይ ሲያገኝ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ኤልያስ ነው። እጁ ባዶ ነበር። ገባና በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ሳይሆን ችሎት እንደቀረበ ሰው። ከስቷል። ጉንጩ ላይ ያልተላጨ ጢም አለ።

«ደህና ሆንሽ አሉኝ» አለ።

«ደህና ነኝ። መድኃኒቱ ሠራ።»

«ተመስገን።» ጉልበቱን በመዳፉ ሲያሽ ቆየ። «እታለም፣ አንድ ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ። ያኔ ለምርመራው ስሄድ፣ ሐኪሟ ለብቻዬ ስታነጋግረኝ...»

ክረምቱን ሙሉ ስራብ የከረምኩት ይህን ነበር። «ንገረኝ» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ጉበቴ ትንሽ ነው አሉኝ ቢለኝ ሸክሜ ሁሉ ይወርዳል። ፈራሁ ቢለኝስ? ያን ጊዜ እኔ ይቅር እለዋለሁ፤ እሱ ግን በየበዓሉ፣ በየልደቱ፣ እኔን ባየ ቁጥር ይህን ቃል የተናገረ ሰው ሆኖ ይኖራል። ለሌሎች ሰዎች ያበጀሁት በር ለገዛ ወንድሜ ሲሆን ልዘጋበት ነው እንዴ?

«አልሆነም» አልኩት። «ነግራኛለች። ጉበት እንደ ጫማ ነው፣ ልክ አለው። ያንተ ለኔ ልክ አልሆነም።»

«እሱማ... ግን እኔ...»

«ኤልያስ! ጉበት የሚያውቀው ማናችን ነን? ልክ አልሆነም አልኩህ እኮ። ሽማግሌዎቹንም የላክኋቸው እኔ አይደለሁም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። ተነስቼ ጭንቅላቱን ወደ ሆዴ አስጠጋሁት። እኔም አለቀስኩ። ስንጨርስ አፍንጫውን ጠራርጎ «ምሳ በልተሻል?» አለኝ። አልበላሁም ነበር። ወጥ ቤት ገብቶ ጨው የሌለው እንቁላል ጠበሰልኝ። ቀመሰውና «ይህን ነው ስትበዪ የከረምሽው? እንዴት አልሞትሽም?» አለ። ከሕመሜ ወዲህ ያን ያህል የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። ምን ሊነግረኝ እንደነበር አላውቅም። አንዳንድ ሌሊት ጥያቄው ይመጣብኛል፤ ጠዋት ይሄዳል።

ምስጋናዬን ልናገር። አደባባይ ላይ ላገኘችኝ ስሟን ለማላውቃት ሴት፣ ከእናቷ አፍ ቀንሳ ላጎረሰችኝ ልጅ፣ ዝናብ ለደበደባት ሰናይት፣ ያስተማርኳትን በኔው ላይ ሳታዛንፍ ለሠራችው ሰሊ። ጋሽ ታደሰንም አመሰግናለሁ፤ አስጨንቀውኛል፣ ወድደውኝ ነው ያስጨነቁኝ።

ለታማሚ የምለው ጥቂት ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ እግር ወይም ሆድ ሲያብጥ ወደ ሐኪም ሂዱ። ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚቀመመውን ሥር አትጠጡ፤ የደከመ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም ነው። ፕሬድኒሶሎን ተሻለኝ ብሎ በራስ አይቆምም፤ ሐኪሙ ራሱ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። ነገር መርሳትና መደናገር ከጀመራችሁ፣ እጃችሁም ከተርገበገበ፣ ሳታድሩ ያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ገና ሳትደክሙ ለአንድ ሰው ንገሩ።

ለጋሽ እንድትሆኑ የተጠየቃችሁ ደግሞ፣ ሐኪሙ ለብቻችሁ ሲጠይቃችሁ እውነቱን ተናገሩ። እሺ ማለትም እምቢ ማለትም የእናንተ ነው፣ ሽማግሌ ቢቆምም። አልሆነም ከተባላችሁ በኋላ ግን፣ በየትኛውም ምክንያት ይሁን፣ ከታማሚው አትሸሹ። እሱ በጆሮው የሚጠብቀው የእናንተን እግር ኮቴ ነው። ሂዱና በሩን አንኳኩ። ባዶ እጃችሁንም ቢሆን ሂዱ።